«ሲስተም የለም»፦ ሐተታ ስለ ዝምታና ስለ መኖር

አማርኛ «አለ» በሚለው በአንዱ ግሥ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይናገርበታል፤ አንደኛው የአንድ ነገር በዓለም ላይ መኖር ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ ያ ነገር በተጠየቀበት ስፍራና ሰዓት መገኘቱ ነው። ስለዚህ ስለ ፈጣሪ መኖር የሚከራከር ሊቅም፣ ከቢሮ በር ላይ ቆሞ ኃላፊውን የሚፈልግ ባለጉዳይም የሚጠቀሙት በዚሁ ግሥ ነው። አሉታው «የለም» እንዲሁ መንታ በመሆኑ፣ «የሉም» የተባሉት ኃላፊ ስብሰባ ገብተው ይሁን ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተው ከቃሉ ብቻ አይታወቅም። ሊቃውንት ስለ ባሕርይና ስለ መኖር ሲጽፉ የሚገለገሉባቸው «ህላዌ»ና «ህልውና» የተባሉት ስሞች ከግእዙ «ሀሎ» የወጡ ናቸው፤ «አለ»ም የዚያው ሥር ልጅ ነው። በጽሕፈት ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይታከላል፤ «ለ» ሲጠብቅ መኖርን የሚናገረው ቃል ሲላላ መናገርን ስለሚያመለክት፣ «እግዚአብሔር አለ» የሚለውን አጭር ጽሑፍ አንባቢው ስለ መኖሩ ወይም ስለ መናገሩ አድርጎ ሊያነበው ይችላል። የመናገሩ «አለ» ከግእዙ «ብህለ» የመጣ ስለሆነ ሁለቱ ግሦች በዘር አይዛመዱም፤ ግጥጥሙ የፊደል አጋጣሚ ነው። ይሁንና አጋጣሚው አንድ ከባድ ጥያቄ በሁለት ፊደል ያስቀምጣል፤ ተጠርቶ ያልመለሰ ነገር ስለ መኖሩ ጠሪው ምን ሊል ይፈቀድለታል?

ጥያቄው የነገረ መለኮት የቆየ ርስት ቢሆንም፣ ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያዊ የሚያገኘው በመሥሪያ ቤትና በባንክ መስኮት ላይ «ሲስተም የለም» በሚል መልስ ነው። ከአዲስ አበባ በአዳማ መንገድ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ዱከም ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት። በቻይና ባለሀብቶች የተገነባው የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን የሚገኘው በዚያ ሲሆን፣ በ2004 ዓ.ም. ማምረት የጀመረውን የሁዋጂያን ጫማ ፋብሪካን ጨምሮ በርካታ አምራቾች ገብተውበታል። የእንዲህ ያለ ከተማ ጠባይ ሥራው በአንድ ቦታ፣ ሥራውን የሚያዘው ሰው በሌላ ቦታ መሆኑ ነው፤ መጋዘኑ፣ ማሽኑና የዕቃ መዝገቡ ዱከም ሲሆኑ ሒሳብ ሹሙ ቦሌ ወይም ሳሪስ፣ ባለቤቱ ደግሞ ከባሕር ማዶ ሊሆን ይችላል። በመካከላቸው ያለውን ርቀት ከሚያቃልሉት መሣሪያዎች አንዱ ባለሙያዎች «ሪሞት ዴስክቶፕ» የሚሉት ነው፤ ይህም አዲስ አበባ የተቀመጠ ሰው የዱከሙን ኮምፒውተር ገጽታ በራሱ ስክሪን ላይ እያየ፣ የሚጫነው ቁልፍና የሚያንቀሳቅሰው ማውስ ዱከም ድረስ ሄዶ እንዲሠራለት የሚያደርግ አገልግሎት ነው። ፒችትሪ በተባለው የሒሳብ ፕሮግራም የተያዘው መዝገብ ከዱከም አይነሣም፤ የሚጓዘው ሥዕሉ ብቻ ነው። ማይክሮሶፍት አሠራሩን እ.ኤ.አ. በ1998 ለሰርቨሮች፣ በ2001 ደግሞ ከዊንዶውስ ኤክስፒ ጋር ለተራው ቢሮ አቅርቦታል።

ግንኙነቱ ሳይሳካ ሲቀር ፕሮግራሙ የሚያወጣው መልእክት የፍልስፍና ተማሪ ቆም ብሎ ሊያነበው የሚገባ ነው። መልእክቱ ሦስት ምክንያቶችን ይዘረዝርና ከእነዚህ አንዱ ሊሆን እንደሚችል ብቻ ይናገራል፤ በወዲያኛው ኮምፒውተር ላይ ከሩቅ መግባት አልተፈቀደ ይሆናል፣ ኮምፒውተሩ አልበራ ይሆናል፣ ወይም በኔትወርኩ ላይ አይገኝ ይሆናል። የመጀመሪያው እምቢታ፣ ሁለተኛው እንቅልፍ፣ ሦስተኛው መንገድ ማጣት ወይም ጭራሹን አለመኖር ሲሆን፣ ሦስቱም ከጠሪው ወገን ሲታዩ አንድ ዓይነት ዝምታ ናቸው። ፕሮግራሙ የማያውቀውን አልወሰነም፤ በሦስቱ መካከል ፈርዶ «የለም» የሚለው ከፊቱ የተቀመጠው ሰው ነው። በነገራችን ላይ ለማብራሪያ ተብሎ «ጠፍቷል» ቢባልም ችግሩ አይፈታም፤ አማርኛ የባከነውንም፣ የተሰወረውንም፣ መብራቱ የተዘጋውንም «ጠፋ» ይላልና።

ባለሙያው እዚህ ላይ የመጀመሪያውን ሙከራ ያደርጋል፤ ይኸውም «ፒንግ» የሚባለው፣ ወደ አንድ አድራሻ ትንሽ መልእክት ልኮ ተመላሽ ማስተጋባቱን የሚጠብቅ ትእዛዝ ነው። ማይክ ሙስ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1983 ሲጽፈው ስሙን የወሰደው ሰርጓጅ መርከብ ወደ ባሕሩ ከሚለቀውና ተመልሶ ሲመጣ ከሚያዳምጠው ድምፅ ነው። ማስተጋባቱ ከተመለሰ በዚያ አድራሻ አንድ ነገር አለ። ካልተመለሰስ? ልምድ የሌለው ሰው ዱከም ያለው ማሽን ሞቷል ብሎ ይደመድማል፤ ልምድ ያለው ግን ድምዳሜውን ያዘገያል፣ ምክንያቱም በዊንዶውስ ውስጥ ያለው ፋየርዎል፣ ማለትም የሚገባውንና የሚወጣውን መልእክት የሚቆጣጠረው የበር ጠባቂ ፕሮግራም፣ ብዙ ጊዜ የፒንግን ጥያቄ ሳይመልስ እንዲጥል ሆኖ የተዘጋጀ ነው። ማሽኑ በሙሉ ጤንነት እየሠራ ለዚህ ጥያቄ ብቻ ዝም ሊል ይችላል።

ከዚህ ዝምታ ምን ያህል ማወቅ እንደሚቻል በረቀቀ መንገድ ከመረመሩት መካከል የሕንድ ፈላስፎች ይገኛሉ። በሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው የቡድሂዝም ሊቅ ዳርማኪርቲ ያጸናው ሥርዓት አንድን ነገር «የለም» ለማለት አለማየት ብቻ አይበቃም ይላል፤ ነገሩ በዚያ ቢኖር ኖሮ በእርግጥ ይታይ እንደነበር አስቀድሞ መታወቅ አለበት። በጠረጴዛ ላይ ማሰሮ አለመኖሩ በብርሃን በመመልከት ይታወቃል፣ ማሰሮ ቢኖር ይታይ ነበርና፤ በዚያው ክፍል መንፈስ አለመኖሩ ግን በመመልከት አይታወቅም፣ መንፈስ ቢኖርም ለዓይን ይገለጥ ነበር የሚያሰኝ ነገር የለምና። የኔትወርክ ባለሙያው ዳርማኪርቲን ባያነብም የሚሠራው በዚሁ ሥርዓት ነው። ፒንግ ዝም ሲል «ይህ ማሽን ቢኖር ለፒንግ ይመልስ ነበርን?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱ «አይታወቅም» ከሆነ ዝምታው ምንም አልመሰከረም ማለት ነው። ትናንት እስከ ማታ ይመልስ ከነበረና ማንም ቅንብሩን ካልነካ ግን የዛሬው ዝምታ ክብደት አለው። ዝምታ ማስረጃ የሚሆነው መልስ ይጠበቅ በነበረበት ቦታ ብቻ ነው፤ ብዙ የሃይማኖትና የክህደት ክርክር የሚሰናከለውም ይህን ቅድመ ሁኔታ ዘልሎ ስለሚያልፍ ይመስላል።

ሁለተኛው ሙከራ የበሩ ነው። አንድ ኮምፒውተር አንድ አድራሻ ይዞ ለየአገልግሎቱ በቁጥር የተለየ መግቢያ አለው፤ መግቢያው «ፖርት» ይባላል፣ የሪሞት ዴስክቶፕም የተለመደ ቁጥር 3389 ነው። ባለሙያው ይህን በር ለብቻው ሲያንኳኳ ከሦስት ነገሮች አንዱ ይገጥመዋል። በሩ ሊከፈት ይችላል፤ ያኔ ችግሩ መንገድና በር ስላልሆነ ወደ ተጠቃሚው ስም፣ ወደ ይለፍ ቃሉና ወደ ፈቃዱ ይሄዳል። ግንኙነቱ ወዲያው በእምቢታ ሊመለስ ይችላል። ወይም 20 ሰከንድ ያህል ተጠብቆ ምንም ሳይመጣ ጥሪው በራሱ ሊያልቅ ይችላል። ለተራው ተጠቃሚ ሁለተኛውና ሦስተኛው አንድ ናቸው፣ በሁለቱም አልገባምና፤ በእውቀት ሚዛን ግን ርቀታቸው የትየለሌ ነው። እምቢ ያለ መልስ ሰጥቷል፤ መልስ የሰጠ ደግሞ አለ። መንገዱ እንደተዘረጋ፣ ከመንገዱ ጫፍ ላይም የሚሰማ እንዳለ እምቢታው ራሱ ይመሰክራል። ጸሎቱ እንዳልተፈቀደለት የሚያምን ሰው ከእምነት አልወጣም፣ ፈቃዱን ከልካይ የሆነ አንድ አካል መኖሩን እየተናገረ ነውና፤ ሰሚ የለም የሚለው ሰው የሚናገረው ግን ፍጹም ሌላ ነገር ነው። ኢዮብ የተከራከረው በመጀመሪያው ሁኔታ ውስጥ ሆኖ ነው።

ሦስተኛው፣ ማለትም ዝምታው፣ ሆን ተብሎ የተመረጠ ሊሆን መቻሉ ነገሩን ያወሳስበዋል። የዊንዶውስ ፋየርዎል እምቢታውን እንኳ ላልተፈቀደ ሰው አይገልጥም፤ የደኅንነት ባለሙያዎች እንደሚያስረዱት «አይቻልም» ብሎ የሚመልስ ማሽን መኖሩን ለማያውቀው ሁሉ ያሳውቃል፣ ሌባም የሚጀምረው ቤት ያለበትን ከማወቅ ነው። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በሪሞት ዴስክቶፕ አገልግሎት ውስጥ «ብሉኪፕ» የተባለ ከባድ ቀዳዳ ሲገኝ፣ ማይክሮሶፍት ድጋፍ መስጠቱን ካቆመ ዓመታት ላለፉት ለዊንዶውስ ኤክስፒ ሳይቀር ማስተካከያ ለማውጣት ተገድዷል። የሚናገር በር የሚጠቃ በር ነው። ስለዚህ ዝም ማለት አለመኖርን ቀርቶ ግድየለሽነትንም ላያመለክት ይችላል፤ ለሚያውቁት ክፍት፣ ለማያውቁት ስውር የሆነ መኖር አለ።

ከአዲስ አበባ ሆኖ ሊታወቅ የሚችለው እዚህ ላይ ያበቃል፣ ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው ምስክር ነው። አንዱ ምስክር በዱከሙ ቢሮ በዚያው ገመድ ላይ የተቀመጠ ሌላ ኮምፒውተር ነው። በአንድ የውስጥ ኔትወርክ ያሉ ማሽኖች ከመነጋገራቸው በፊት «ይህ አድራሻ የማን ነው?» ብለው እርስ በርስ ይጠያየቃሉ፤ ይህ መጠያየቅ «አርፕ» ይባላል፣ ለፒንግ ዝም ያለ ማሽንም ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሰጣል፤ አለዚያ ከማንም ጋር ሊሠራ አይችልም። ከሩቅ የተሰወረው ከጎረቤቱ አይሰወርም። ሁለተኛው ምስክር የጥበቃ ሠራተኛው ነው። ብዙ ገንዘብ የወጣበት ኔትወርክ ዝም ሲል አዲስ አበባ ያለው ባለሙያ ስልክ አንሥቶ «መብራት አለ ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው እሳቸውን ነው፤ «ከጠዋት ጀምሮ የለም» ካሉ የሰዓታት ምርመራ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይዘጋል። የእውቀትን ምንጮች የሚዘረዝሩ ፈላስፎች ከማየትና ከማመዛዘን ቀጥሎ ምስክርነትን ያስቀምጣሉ፤ አንዳንዶቹ ምስክርነትን ከሁለቱ ያነሰ አድርገው ቢያዩትም የፋብሪካ ሕይወት ይህን ንቀት አይደግፍም። ይሁን እንጂ ምስክሩ ያየው ምን እንደሆነ መለየት ይገባል፤ የጥበቃው ክፍል አምፖል መብራቱ የሰርቨሩ ክፍል ጄኔሬተር መነሣቱን አያረጋግጥም። ነቢያትንና ሐዋርያትን የሚቀበል ሃይማኖትም የቆመው በዚሁ ዓይነት እውቀት ላይ ነው፤ ከወዲያኛው ወገን ሆኖ አየሁ የሚል ሰው ቃል ይመዘናል፣ የሚመዘነውም በቅንነቱ ብቻ ሳይሆን ከቆመበት ስፍራ ሊያይ በሚችለው ነገር ጭምር ነው።

ከዝምታ የሚከፋ ሁኔታ ግን አለ፤ እሱም ያልተጠራው ሲመልስ ነው። በ192.168 የሚጀምሩት የውስጥ አድራሻዎች የአንድ ድርጅት የግል ንብረት አይደሉም፤ በዓለም ያሉ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ቢሮዎችና ቤቶች በየግቢያቸው ይጠቀሙባቸዋል፣ በየከተማው «ገበያው ጀርባ» የሚባል ሰፈር እንደሚኖር ሁሉ። ስለዚህ የዱከሙ ሰርቨርና አዲስ አበባ ያለው ማተሚያ ማሽን አንድ ቁጥር ይዘው ሊገኙ ይችላሉ፤ አዲስ አበባ ላይ ሆኖ ያን ቁጥር የሚጠራ ሰው ፈጣንና ግልጽ መልስ ቢያገኝም የመለሰለት ከጎኑ ያለው ማተሚያ ነው። ሪሞት ዴስክቶፕ ይህን አደጋ በመጠርጠር፣ የሚገባበትን ማሽን ማንነት በምስክር ወረቀት ማረጋገጥ ሲያቅተው ተጠቃሚው ይቀጥል እንደሆነ ይጠይቀዋል፤ አብዛኛው ተጠቃሚ ግን ሳያነበው «አዎ» ይላል። በገዳማውያን ገድላት ውስጥ ሰይጣን የብርሃን መልአክ መስሎ መምጣቱ የተለመደ ነው፣ አባቶችም ለእንዲህ ያለው መገለጥ ከመስገድ በፊት መመርመርን ያስተምራሉ፤ መልስ ናፍቆ የኖረ ሰው በመጣለት መልስ ሁሉ እንዳይታለል የሚፈሩት ትክክል ናቸው። በምኒልክ ዘመን ከሐረር አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የስልክ መሥመር ሲዘረጋና ድምፅ ያለ አካል ሲሰማ ካህናቱ የሰይጣን ሥራ ነው አሉ የሚለው ትረካ ብዙ ጊዜ ለመሳቂያ ይነገራል። የተናጋሪው ማንነት ሳይታወቅ መልሱን አለመቀበላቸው ግን ዛሬ የምስክር ወረቀቱን ሳያይ «አዎ» ከሚለው ሰው አስተዋይነት አያንስም።

ሁሉም ደኅና ሆኖ ሁለቱ ሊገናኙ የማይችሉበት አንድ ምክንያት ደግሞ ለኢትዮጵያ አንባቢ የተለየ ጣዕም አለው። በድርጅት ኔትወርክ ማንነትን የሚያረጋግጠው «ከርቤሮስ» የተባለው ሥርዓት፣ ስሙን በግሪኮች ተረት የሙታንን ዓለም ደጅ ከሚጠብቀው ባለ ሦስት ራስ ውሻ የወሰደ ሲሆን፣ በተለመደው ቅንብሩ የሁለቱ ኮምፒውተሮች ሰዓት ከ5 ደቂቃ በላይ እንዲለያይ አይፈቅድም። ዊንዶውስ ለኢትዮጵያ የሚሆነውን የሰዓት ቀጠና የሚያስቀምጠው በናይሮቢ ስም ነው፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ዘጠኝ የሚል ሰዓት ያየ ሠራተኛ ተሳስቷል ብሎ ወደ ሦስት ቢመልሰው፣ ወይም ዓመቱን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ቢያወርደው፣ ኮምፒውተሩ በስድስት ሰዓት ወይም በሰባትና ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይቀርና ከርቤሮስ በሩን ይዘጋበታል። ሠራተኛው በራሱ አቆጣጠር አልተሳሳተም፣ ማሽኑም በራሱ አልተሳሳተም። ሁለቱም እውነት ይዘው የማይገናኙበት ሁኔታ መኖሩን ይህች ትንሽ ብልሽት ከብዙ የሃይማኖት ጉባኤ ይልቅ በግልጽ ታሳያለች።

ይህ ሁሉ ስለ ማሽን ነው፤ ስለ ሰማይ ዝምታ ምን ያህል ሊያስተምር ይችላል? በዘርዓ ያዕቆብ ስም የሚታወቀውና ደራሲው ማን እንደሆነ ሊቃውንት ዛሬም የሚከራከሩበት «ሐተታ» እንደሚተርከው፣ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከስደት ሸሽቶ በተከዜ አቅራቢያ በዋሻ የተቀመጠ ምሁር፣ ዕለት ዕለት እየጸለየ ሳለ በእርግጥ የሚሰማው አምላክ መኖሩን ራሱን ጠየቀ። የጥያቄው ድፍረት ብዙ ተወርቶለታል፤ ይበልጥ የሚደንቀው ግን መልሱን የፈለገበት አቅጣጫ ነው። ለጸሎቱ ማስተጋባት እስኪመጣለት አልጠበቀም፤ ወደ ጠሪው ወደ ራሱ ዞሮ፣ ይህ የሚጠይቅ አእምሮና ይህ የሚሰማ ጆሮ ከወዴት እንደመጡ መረመረ፣ ከወላጆቹ ወደ ወላጆቻቸው እየወጣ ያልተፈጠረ ፈጣሪ ላይ ደረሰ፣ ጆሮን የሠራ መስማት አያቅተውም በማለትም ደመደመ። ይህ ባለሙያዎች ዱካ ከሚሉት ጋር ይመሳሰላል፤ ሰርቨሩ ለጥሪ ባይመልስም ሌሊት የተመዘገበ አዲስ ፋይል ከተገኘ፣ መዝጋቢው ሌሊት እየሠራ ነበር።

በተቃራኒው ወገን የቆመው ካናዳዊው ፈላስፋ ጆን ሼለንበርግ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመው መጽሐፍ የዳርማኪርቲን ቅድመ ሁኔታ የሚያሟላ ክርክር አቅርቧል፤ ፍጹም አፍቃሪ አምላክ ቢኖር ልቡን ሳይዘጋ ለሚፈልገው ሰው ሁሉ መኖሩን ባልሰወረ ነበር፣ ነገር ግን በቅን ልብ ፈልገው ያላገኙ ሰዎች አሉ፣ ስለዚህ ዝምታው አለመኖርን ይመሰክራል ይላል። ክርክሩ «አላየሁትም፣ ስለዚህ የለም» ከሚለው ተራ ክህደት በብዙ ይልቃል። ድካሙ የሚገኘው በማሽኑና በሰማዩ ዝምታ ልዩነት ላይ ነው። የሪሞት ዴስክቶፕ በር 3389 መሆኑን መሐንዲሶች ወስነውታል፤ በየትኛው በር ምን ዓይነት መልስ መምጣት እንዳለበት ከጥሪው በፊት ስምምነት አለ፣ ስለዚህ ከትክክለኛው በር የጠፋ መልስ ይቆጠራል። ፍቅር በየትኛው በር፣ በምን ያህል ጊዜ ውስጥ መልስ መስጠት እንዳለበት ግን ሼለንበርግ የሚያውቀው ከሰው ፍቅር ተነሥቶ ነው። አማኞቹም ከዚህ ወቀሳ አያመልጡም፤ ማንኛውንም መልስ፣ ማንኛውንም ዝምታ፣ ማንኛውንም መዘግየት የአምላክ መኖር ምልክት ነው የሚሉ ከሆነ ምንም ሊቀይረው የማይችል ነገር እየተናገሩ ናቸውና፣ መብራት ኖረም ጠፋም ሰርቨሩ ደኅና ነው እንደሚል የአይቲ ክፍል ይሆናሉ። በኢትዮጵያ የቆየው የደጅ ጥናት ልማድ፣ በጌታ ደጅ ሳይገቡም ሳይሄዱም መቆየት፣ ከሁለቱም የተሻለ አቋም ይዟል፤ ደጅ ጠኚው ጌታው አለ ብሎም የለም ብሎም አልጮኸም፣ በሩ የማን እንደሆነ አውቆ ይጠብቃል፣ ካልተከፈተለትም አለመከፈቱን በስሙ ይጠራዋል።

እንግዲህ ከመስኮቱ ጀርባ «ሲስተም የለም» የሚለው ሠራተኛ ከሚያውቀው በላይ እየተናገረ ነው። ሲስተሙ ምናልባት ዱከም ወይም ሌላ ከተማ በሆነ ክፍል ውስጥ በሙሉ ኃይሉ እየሠራ፣ ከአጠገቡ ላሉት እየመለሰ፣ ለዚህ መስኮት ብቻ ዝም ብሎ ይሆናል። ሠራተኛው ሊመሰክር የሚችለው «ጠርቼው አልመለሰልኝም» የሚለውን ብቻ ነው፤ ወረፋ ለያዘው ባለጉዳይም ይህ መልስ ይጠቅመዋል፣ ምክንያቱም የሌለ ነገር አይጠበቅም፣ ያልመለሰ ግን እንደገና ይጠራል።